የምስክር ወረቀት የያዙት ክርስቲያኖች

በወጣቶች ኅብረት የጥያቄና መልስ ቀን ሳጥኑ ሲከፈት ከውስጡ የማይጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። አንዳንዴ በክርክር ቃል ተጽፎ ይመጣል፦ «አንድ ጊዜ የዳነ ሰው ድነቱን ሊያጣ ይችላል ወይስ አይችልም?» አንዳንዴ ግን በአራት ታጥፎ፣ ስም ሳይኖረው ይመጣል፦ «ጌታን ክጃለሁ። ብመለስ ይቀበለኛል?»

ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ይመስላሉ። ጠያቂዎቹ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ከወንድሙ ጋር ሲከራከር ያደረ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን እንቅልፍ አጥቶ ያደረ ነው። እኛም ብዙ ጊዜ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መልስ እንሰጣለን፤ ጥቅስ በጥቅስ ላይ እንደረድርና ወደ ቤታችን እንሄዳለን።

ውድ ወጣቶች፣ ዛሬ ይህን ጥያቄ ወደ ጥንት ወስጄ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ጉዳዩን በስፋት የተጋፈጠችው በትምህርት ክፍል ውስጥ አልነበረም። ካዱ የተባሉ እጅግ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በሯን ሲያንኳኩ ነበር። ጊዜው በሦስተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ቦታው በሰሜን አፍሪካ፣ ዛሬ ቱኒዚያ በምትባለው አገር ያለችው የካርቴጅ ከተማ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የንጉሡ ትእዛዝ

በ248 የሮም ከተማ የተመሠረተችበትን አንድ ሺሕኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረች። ድግሱ ግን የመንግሥቱን ድካም አልሸፈነውም። በዳኑብ ወንዝ በኩል ጎታውያን ድንበሩን ይደፍሩ ነበር፤ የጦር አለቆችም ስለ ዙፋኑ እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። በ249 ዳኬዎስ እንዲህ ካለ ውጊያ በኋላ ነገሠ። መንግሥቱ ጸንቶ እንዲቆም የጥንቶቹ አማልክት መታሰብ አለባቸው ብሎ፣ በግዛቱ ያለ ሰው ሁሉ መሥዋዕት እንዲያቀርብ አዘዘ።

ትእዛዙ ለአፈጻጸም የተመቸ ነበር። ሰው በአካባቢው ሹማምንት ፊት ይቀርባል፤ የመጠጥ ቍርባን ያፈስሳል፤ ይሠዋል፤ ከመሥዋዕቱ ሥጋ ይቀምሳል። ከዚያ በኋላ ይህን ማድረጉን የሚመሰክር ወረቀት ተፈርሞ ይሰጠዋል። ከእነዚህ ወረቀቶች ከአርባ የሚበልጡት በግብፅ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው እስከ ዘመናችን ቆይተዋል። አብዛኞቹ የተጻፉት በ250 በሰኔና በሐምሌ ወራት ነው። የሰውየው ስም፣ መንደሩ፣ ዕድሜው፣ አንዳንዴም በፊቱ ላይ ያለ ጠባሳ ሳይቀር ተመዝግቦባቸዋል። ቃላቸው በአብዛኛው አንድ ነው፦ ዘወትር ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፤ አሁንም በትእዛዙ መሠረት በፊታችሁ ሠውቻለሁ፤ መስክሩልኝ የሚል ነው። ከወረቀቶቹ አንዱ የአዞ አምላክ አገልጋይ ለሆነች ሴት የተሰጠ ነው። ጣዖት አገልጋይዋም ወረቀቱን ማውጣት ነበረባት ማለት ነው። ንጉሡ ክርስቲያኖችን ብቻ ለይቶ ባይጠራም፣ መረቡ ሲጎተት ክርስቲያኖቹ ተያዙ።

የሮም ኤጲስ ቆጶስ ፋቢያን በጥር 20 ቀን 250 ሞተ። የኢየሩሳሌሙ ኤጲስ ቆጶስ እስክንድሮስ በወኅኒ ዐረፈ። ታላቁ መምህር ኦሪጀን በእርጅናው በእግር ግንድና በሰንሰለት ተሠቃየ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሞተ። እነዚህን ስሞች እናውቃለን፤ ልናውቃቸውም ይገባናል። የዛሬው ታሪካችን ግን ስለ ሌሎቹ ነው።

የወደቁት

በካርቴጅ በዚያን ጊዜ የነበረው ኤጲስ ቆጶስ ቆጵርያኖስ ይባላል። ጌታን ያገኘው ጎልማሳ ሆኖ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የንግግር ጥበብ መምህርና ባለጸጋ ነበር። ካመነ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ለመጋቢነት ተመረጠ። ስደቱ ሲመጣ ሕዝቡ በአደባባይ ቆጵርያኖስ ለአንበሳ ይሰጥ እያለ ጮኸ። ቆጵርያኖስም ከተማውን ትቶ ተሸሸገ። ከመሸሸጊያው ሆኖ በደብዳቤ ብቻ መንጋውን መራ። ከሮም የመጣ አንድ ደብዳቤ በጎቹን ጥሎ ስለሚሸሽ እረኛ በወዲያ ጎን እየነካካው ያልፋል። ይህን ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በካርቴጅ የሆነው ነገር አሳዛኝ ነበር። ቆጵርያኖስ ስለ ወደቁት በጻፈው መጽሐፍ እንደሚነግረን፣ ብዙዎች ማንም ሳይጎትታቸው በገዛ እግራቸው ወደ አደባባዩ ሮጡ። መሽቷልና ነገ ኑ ሲባሉ ለነገ አታቆዩን ብለው የለመኑ ነበሩ። ልጆቻቸውን ታቅፈው የመጡ ወላጆች ነበሩ። ቆጵርያኖስ ምክንያቱን ሲመረምር ጣቱን በመጀመሪያ የቀሰረው በንጉሡ ላይ አይደለም። ረጅም የሰላም ዘመን ክርስቲያኖችን አስተኝቷቸው ነበር ይላል። ምእመናን ሀብት ለማካበት ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ኤጲስ ቆጶሳት ሳይቀሩ አገልግሎታቸውን ትተው በንግድ ይዞሩ ነበር። በፈተና ቀን የታየው ውድቀት ከፈተናው በፊት የጀመረ ነው።

ነገር ግን የወደቁት ሁሉ በአንድ መንገድ አልወደቁም። አንዳንዱ ሠዋ። አንዳንዱ ዕጣን ብቻ አጠነ። ሌላው ደግሞ አልሠዋም፤ ለሹሙ ገንዘብ ሰጥቶ እንደ ሠዋ የሚናገረውን ወረቀት ገዛ። ይህ ሦስተኛው ሰው እጄ ንጹሕ ነው ብሎ ራሱን ያጽናና ነበር። ቆጵርያኖስ ግን ያ ወረቀት ራሱ የክህደት ቃል ነው አለው።

በእነዚህ መካከል ልብ የሚነኩ ሰዎች ነበሩ። ቦና የምትባል ሴት ባሏ ጎትቶ ወደ መሥዋዕቱ አመጣት። እጆቿን ይዘው በግድ አሠዉአት። እርስዋም እኔ አላደረግሁትም፤ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ ብላ ጮኸች፤ በዚህም ለግዞት ተዳረገች። ካስቱስና ኤሚልዮስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ደግሞ በመጀመሪያው ፈተና ተሸነፉ፤ በሁለተኛው ግን ለእሳቱ ሳይበገሩ ሞቱ።

በሮም ደግሞ ሴለሪኑስ የሚባል አማኝ ነበር፤ እርሱ በእምነቱ ታስሮ ሳይክድ የተፈታ ነው። እህቶቼ የሚላቸው ሁለት ሴቶች ግን ወደቁ። አንደኛዋ ሠዋች። ሁለተኛዋ ወደ መሥዋዕቱ ቦታ መውጣት ጀምራ፣ ገንዘብ ከፍላ ከመንገድ ተመለሰች። ሴለሪኑስ ስለ እነርሱ በፋሲካ የደስታ ቀናት እንኳ ሲያለቅስ መክረሙን ለወዳጁ ይጽፍለታል። ሴቶቹም ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከካርቴጅ ተሰደው የሚመጡትን አማኞች ወደብ ድረስ ወርደው ይቀበሉ ነበር፤ ስድሳ አምስት ስደተኞችን ይንከባከቡ ነበር። ጌታን የካዱ እጆች የጌታን ወገኖች ያበሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ድኗል ትሉታላችሁ ወይስ ጠፍቷል? ጥያቄው ቀላል የሚሆነው ሰዎቹን እስክናያቸው ድረስ ነው።

ሦስት መልሶች

በ251 ዳኬዎስ ከጎታውያን ጋር ሲዋጋ ሞተ። ስደቱ ከዚያ በፊት በርዶ ነበር፤ ቆጵርያኖስም በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ወደ ከተማው ተመለሰ። የወደቁት በብዛት ወደ ጉባኤው ለመመለስ ይለምኑ ነበር። በዚህ ጊዜ ሦስት መልሶች ተሰሙ።

የመጀመሪያው ቀላል መልስ ነበር። በእምነታቸው ታስረው የጸኑ መስካሪዎች በሕዝቡ ዘንድ ታላቅ ክብር ነበራቸው። የወደቁትም ወደ እነርሱ እየሄዱ የይቅርታ ደብዳቤ ያጽፉ ነበር። በካርቴጅ ሉክያኖስ የሚባለው መስካሪ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ያለ ልክ አደለ። አንዳንዱ ደብዳቤ እገሌን ከነቤተ ሰቡ ተቀበሉ ብቻ ይላል፤ በአንድ ወረቀት ሃያ ሠላሳ ሰው ሊገባበት ነው ብሎ ቆጵርያኖስ አዘነ። ፌሊሲሲሙስ የሚባል ዲያቆንና ከእርሱ ጋር ያበሩ ሽማግሌዎችም የወደቁትን ያለ ንስሓ ወደ ጌታ ማዕድ ማቅረብ ጀመሩ። እስቲ ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የካዱት በወረቀት ነበር፤ አሁን ደግሞ በሌላ ወረቀት ሊፈወሱ ፈለጉ። ቆጵርያኖስ ይህን ምሕረት አላለውም፤ መግል ያልወጣለትን ቁስል መሸፈን ነው አለው።

ሁለተኛው መልስ የተዘጋ በር ነበር። በሮም ኖቫቲያን የሚባል የተማረ ሽማግሌ ነበር፤ ስለ ሥላሴ የጻፈው መጽሐፍ ዛሬም ይነበባል። በመጋቢት 251 ቆርኔሌዎስ የሮም ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ሲመረጥ ኖቫቲያን አልተቀበለውም፤ በበኩሉ ተሾመና የራሱን ጉባኤ አቆመ። በስደት ጊዜ የካደ ሰው ዕድሜ ልኩን ንስሓ ቢገባም ቤተ ክርስቲያን ልትቀበለው አትችልም አለ። ፍትሐዊ ለመሆን ይህን እንጨምርለት፤ እግዚአብሔር ሊምረው አይችልም አላለም። ምሕረቱን ለእግዚአብሔር ትቶ በሩን ግን በሰው ፊት ዘጋው። የሚጠቅሱትም የዋዛ ቃል አልነበረም። በማቴዎስ 10፥33 ጌታ ስለሚክዱት የተናገረው አለ። ከጊዜ በኋላም የኖቫቲያን ተከታዮች ዕብራውያን 6ን ይዘው ይከራከሩ ነበር።

ሦስተኛው የቆጵርያኖስና አብረውት የተሰበሰቡት ኤጲስ ቆጶሳት መልስ ነው። በ251 በካርቴጅ ጉባኤ አድርገው የእያንዳንዱን ሰው ጉዳይ ለየብቻ ለመመርመር ወሰኑ። ወረቀት ብቻ የገዙት ንስሓቸው ታይቶ ይመለሱ፤ የሠዉት ግን በንስሓ ይቆዩና በሞት አልጋ ላይ ሲሆኑ ሰላም ይሰጣቸው አሉ። ቆጵርያኖስ ነገሩን በደብዳቤው ሲያብራራ፣ ጠሪው እንደ ጮኸ ዘልሎ የሄደውና ብዙ ታግሎ የተሸነፈው እኩል አይዳኙም ይላል። ሚስቱንና ልጆቹን ለማትረፍ ብቻውን ቀርቦ የሠዋ፣ ከዚያም ስደተኞችን በቤቱ የሸሸገ ሰው እንደ ሌላው አይቈጠርም። ለኖቫቲያን ደግሞ፣ በራእይ 2፥5 ጌታ ከወዴት እንደ ወደቅህ አስብና ንስሓ ግባ የሚለው የወደቀውን እንጂ የቆመውን አይደለም ሲል መለሰለት። ተመለስ የምትለውን ሰው መመለሻ ከከለከልኸው መጥራትህ ምን ይረባዋል?

ውሳኔው የተለወጠበት ቀን

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሕግ ታሪክ ብቻ ይሆን ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አዲስ ስደት ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። በከተማዋም ጽኑ ቸነፈር ገብቶ ነበር። ንስሓ የገቡት የሠዉት ሰዎች አሁንም ከውጭ ቆመዋል።

በዚህ ጊዜ ስለ ሦስት ሰዎች ጥያቄ ወደ ቆጵርያኖስ መጣ። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያ ጌታን በሹማምንቱ ፊት መስክረው ነበር። ወኅኒውንና የሕዝቡን ቁጣ ታግሠው ነበር። በኋላ በአገረ ገዡ ፊት ሥቃዩ ሲደጋገም ሥጋቸው አልቻለምና ወደቁ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሲያለቅሱ ኖረዋል። ቆጵርያኖስ እነዚህ ሰዎች ሊማሩ ይገባቸዋል፤ ሦስት ዓመት ያለቀሱት ይበቃቸዋል ብሎ መለሰ፤ ነገሩንም ለጉባኤ አቀረበው።

ከዚያም አርባ ሁለት ኤጲስ ቆጶሳት ተሰብስበው የቀድሞውን ውሳኔ አሻሻሉ። ንስሓ ገብተው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልራቁት ሁሉ ሞትን ሳይጠብቁ አሁን ይመለሱ አሉ። የሰጡት ምክንያት ወታደራዊ ይመስላል። ጦርነት ሊመጣ ነው፤ ወታደሩን ያለ ጦር ዕቃ አንሰድደውም። ስለ ክርስቶስ ደማችሁን አፍስሱ የምንላቸውን ሰዎች የክርስቶስን ጽዋ ከልክለን እንዴት እንልካቸዋለን? ቀድሞ በመሞቻህ ሰዓት እንሰጥሃለን የተባለው ሰላም፣ አሁን ለመሞት እንድትችል እንሰጥሃለን ተባለ። ለጥንካሬህ ሽልማት ይሆናል ሲባል የቆየው የጌታ ማዕድ ለድካምህ ስንቅ ሆነ።

ኖቫቲያን ግን ብቻውን አልቀረም። ንጹሓን ነን የሚል የእርሱ ጉባኤ ለብዙ ዘመን ቆየ፤ በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ በስምንተኛው ቀኖናው ስለ እነርሱ መነጋገር ግድ ሆኖበታል። በዚያ ጉባኤ የነበረ አኬሲዮስ የሚባል የእነርሱ ኤጲስ ቆጶስ ለንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ለምን እንደ ተለዩ ሲያስረዳው፣ ንጉሡ አንተ መሰላል አቁምና ብቻህን ወደ ሰማይ ውጣ እንዳለው የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ ይተርካል። ነገሩ ያስቃል፤ ግን በየዘመኑ መሰላሉን የምናቆም አንጠፋም።

ጥያቄው እስከ እኛ ሲደርስ

የካርቴጁ ጥያቄ የወደቀውን እንቀበለው ወይ የሚል ነበር። የእኛ ጥያቄ ደግሞ ጠለቅ ይላል፦ የወደቀው ሰው በእግዚአብሔር ፊት በእርግጥ ድኖ ነበርን? ከሆነስ ያጣዋልን? ይህን በሰፊው የመረመረው ሌላው አፍሪካዊ አውግስጢኖስ ነው። በሽምግልናው ስለ መጽናት ስጦታ ሲጽፍ፣ እስከ መጨረሻ መጽናት ራሱ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ማን እንደ ተቀበለው ግን በዚህ ሕይወት ሳለን በእርግጥ ማወቅ አንችልም አለ። እንግዲህ ማንም አይኩራ፤ ማንም በሌላው ተስፋ አይቍረጥ ማለቱ ነው።

በተሐድሶ ዘመን አባቶች በዚህ ጉዳይ ተለያዩ። በ1530 የቀረበው የሉተራውያን የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫ በአሥራ ሁለተኛው አንቀጹ ሁለት ነገር አብሮ ይቃወማል። አንድ ጊዜ የጸደቁ ሰዎች መንፈስ ቅዱስን ሊያጡ አይችሉም የሚሉትን ይነቅፋል፤ ከጥምቀት በኋላ ወድቀው ንስሓ የሚገቡትን የማይቀበሉትን ኖቫቲያናውያንንም በስም ጠርቶ ይነቅፋል። በሆላንድ ደግሞ የአርሚኒየስ ተከታዮች እርሱ ከሞተ በዓመቱ፣ በ1610፣ አምስት አንቀጽ ሲያቀርቡ በአምስተኛው ላይ ገና አልወሰኑም ነበር፤ ጉዳዩ ከመጽሐፍ ቅዱስ በጥልቀት ይመርመር አሉ። በኋላ ነው አማኝ ሊወድቅና ሊጠፋ ይችላል ብለው የጸኑት። በ1618 እና በ1619 የተሰበሰበው የዶርት ጉባኤ ደግሞ እውነተኛ አማኞች እንደ ዳዊትና እንደ ጴጥሮስ በከባድ ኃጢአት ሊወድቁ ይችላሉ፤ እግዚአብሔር ግን ፈጽመው እስከ መጨረሻው እንዲጠፉ አይተዋቸውም ብሎ ወሰነ።

በእንግሊዝ አገር ጆን ዌስሊና ጆርጅ ዊትፊልድ በዚሁ ተፋጠጡ። ዌስሊ በ1751 አማኝ ሊጠፋ ይችላል የሚል ጽሑፍ አወጣ። ዊትፊልድ የዶርትን ትምህርት ይዞ ሞተ። ነገር ግን በኅዳር 1770 ለዊትፊልድ መታሰቢያ በለንደን የሰበከው ዌስሊ ነው፤ ይህም የሟቹ ፈቃድ ነበር። ደግሞ ይህን አስተውሉ፤ ድነት ሊጠፋ ይችላል ይል የነበረው ዌስሊ ወደ ኋላ ለተመለሱ ሰዎች የሚሆን ስብከት ጽፏል። በዚያ ስብከት ወድቀው የተመለሱ ብዙ ሺሕ ሰዎች አሉና ተስፋ አትቍረጡ ይላቸዋል።

እነዚህ ወንዞች ሁሉ ወደ አገራችን ገብተዋል። በ1951 ዓ.ም. የተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ የሉተራውያንን የእምነት መግለጫ ይዛለች፤ ከፕሬስቢቴርያን ሚስዮን የተወለደችው ቤቴል በኋላ ከእርሷ ጋር ተዋሕዳለች። የቃለ ሕይወት፣ የሙሉ ወንጌል፣ የመሠረተ ክርስቶስም ልጆች በአንድ የግቢ ኅብረት ውስጥ አብረው ይጸልያሉ። ስለዚህ በዶርም ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት የምትከራከሩበት ነገር ትናንት የተፈጠረ አይደለም፤ ከእናንተ በፊት ብዙ ቅዱሳን ተከራክረውበታል።

የእኛ ዘመን ወረቀት

ካርቴጅ ሩቅ ከመሰለቻችሁ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ቤተ ጸሎቶች ሲዘጉ፣ እጅህን አንሣና መፈክር አሰማ ሲባል እምቢ ብለው የታሰሩ አሉ። ስማቸውን በክብር እናነሣለን። በዚያው ዘመን ፈርተው እጃቸውን ያነሡም አሉ። ስለ እነርሱ ግን ምስክርነት ሲሰጥ አንሰማም። ምናልባት አንዱ አሁን ከእናንተ ወንበር ሦስት ረድፍ ኋላ ተቀምጦ ይዘምራል።

ሌላም ልንገራችሁ። ከእህቶቻችን መካከል ወደ ዓረብ አገር ለሥራ ሲሄዱ ቪዛው እንዲያልፍ ስማቸውንና አለባበሳቸውን የለወጡ አሉ። አንዳንዷ ማተቧን በጥሳ፣ ሌላዋ መጽሐፍ ቅዱሷን ለእናቷ ትታ ሄዳለች። ወረቀቷ ያልሆነችውን ይናገራል። ሌሊት በማድ ቤት ወለል ላይ ተኝታ በልቧ ኢየሱስን ትጠራለች፤ ጠዋት በሌላ ስም ስትጠራ አቤት ትላለች። ስትመለስ በደጃችን ትቆማለች። ጉባኤው ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ይጠብቋታል። አንዱ ምንም አይደል፣ ለእንጀራ ነው ይላታል፤ ሌላው ካደች እኮ ብሎ ለጎረቤቱ ያንሾካሹካል። የመጀመሪያው የሉክያኖስ ወንድም ነው፤ ሁለተኛው የኖቫቲያን። አብሯት ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ የሚሰማት፣ አልቅሳ ስትጨርስ እጇን ይዞ ወደ ጌታ ማዕድ የሚያቀርባት ሦስተኛ ሰው ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ምን እንበል?

እኔ የበኩሌን ልናገር። በዮሐንስ 10፥28 ጌታ በጎቹን ከእጁ ማንም እንደማይነጥቃቸው የሰጠውን ተስፋ አምናለሁ። የዕብራውያንን ማስጠንቀቂያም ልስልስ አድርጌ አላነብበውም፤ የተጻፈው ለሚያምኑ ሰዎች ነውና። ሁለቱን እንዴት እንደምናስማማ ከመምህሮቻችሁ ጋር አጥኑ፤ ቤተ ክርስቲያናችሁ የምታስተምረውንም ዕወቁ። ከካርቴጅ የምንማረው ግን ከየትኛውም ወገን ብትሆኑ የሚያገለግላችሁ ነው።

ድነቴ አይጠፋምና ብወድቅም ምንም አይደል የምትሉ ከሆነ፣ የዶርት አባቶች ወገናችሁ አይደሉም። እነርሱ ጸጋ የያዘው ሰው በንስሓ ይነሣል አሉ እንጂ በኃጢአት ይተኛል አላሉም። ድነት ሊጠፋ ይችላልና ያ ወንድም አበቃለት የምትሉ ከሆነም ዌስሊ ወገናችሁ አይደለም። እርሱ የጠፋውን ለመፈለግ በፈረስ ሲዞር ያረጀ ሰው ነው። በክርክሩ የተለያዩት አባቶች በዚህ አንድ ናቸው፦ ንስሓ ለሚገባ ሰው በሩ ተዘግቷል የሚል መልእክተኛ እግዚአብሔር አልላከም።

በአራት የታጠፈችውን ወረቀት ለጻፍህ፣ ለጻፍሽ፦ ብመለስ ይቀበለኛል ወይ ብሎ መጠየቅ በራሱ እረኛው ገና እየጠራ ለመሆኑ ምልክት ነው። ሉቃስ 22ን ክፈቱ። ጌታ ለጴጥሮስ ከመካዱ በፊት ጸለየለት፤ በተመለስህ ጊዜ ወንድሞችህን አጽና ብሎም ሥራ ሰጠው። ጴጥሮስ ገና ሳይወድቅ የመመለሻው ቀን በጌታ ዘንድ የታወቀ ነበር። ስለዚህ ጨለማ ውስጥ ብቻችሁን አትቆዩ። የታመነ መጋቢ ወይም አንድ የጸሎት ሽማግሌ ፈልጉ፤ የሆነውን ሳትሸፋፍኑ ተናገሩ፤ ከኅብረትም አትራቁ።

አሁን ወደ ቆጵርያኖስ እንመለስ። በ250 ከስደት የሸሸው ሰው ስለዚያ ሽሽቱ ሲታማ ኖረ። በ257 በንጉሥ ቫሌርያን ዘመን ሌላ ስደት ተነሣና ተጋዘ። በመስከረም 14 ቀን 258 በአገረ ገዡ ፊት ቀርቦ ሠዋ ተባለ፤ አልሠዋም አለ። የሞት ፍርዱ ሲነበብለት እግዚአብሔርን አመሰገነ። ወደ ሜዳ ወጥቶ ልብሱን አወለቀ፤ ለሚሰይፈው ሰው ሃያ አምስት የወርቅ ዲናር ስጡት አለ። ደሙን እንዲቀበሉ ምእመናን ጨርቅ ከፊቱ ይዘረጉ ነበር።

ስማቸው አልተጻፈም እንጂ፣ በዚያ ሕዝብ መካከል ከስምንት ዓመት በፊት በአደባባይ የሠዉ፣ ወረቀት የገዙ፣ ከዚያም በእርሱ እጅ ወደ ጌታ ማዕድ የተመለሱ ሰዎች ሳይኖሩ አይቀሩም። በዚያ ቀን ሕዝቡ ከእርሱ ጋር አብረን እንሙት እያለ ይጮኽ ነበር ይባላል።